ከ«ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እስከ «ወራጅ አለ»፦ ስለ አዲስ አበባ ትራንስፖርት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጡ የአክስቴ ልጆችና ከብዙ ዓመት በኋላ ከውጭ የተመለሱ ጓደኞቼ ደጋግመው የጠየቁኝን ሰብስቤያለሁ፤ መልሱ በቀን አራት ታክሲ ከሚሳፈር ሰው ነው።

«ታክሲ» ሲባል የትኛው ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ዝም ብሎ «ታክሲ» ከተባለ ሚኒባሱ ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶዮታ ሃይስ የሆነው። «በታክሲ ነው የመጣሁት» ያለ ሰው ብቻውን ተንፈላስሶ አልመጣም። ከአሥራ አንድ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ነው የመጣው። ከሚኒባሱ በፊት «ውይይት» ነበር። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ነው ስሙ የወጣለት። ትልልቆቹን ብትጠይቋቸው ስለ ውይይትና ሴይቸንቶ ስለምትባለው ትንሿ ፊያት ታክሲ ሳይጠግቡ ያወሩላችኋል።

ብቻችሁን የምትሳፈሩበት ሲሆን ድሮ «ኮንትራት» ወይም «ላዳ» ነበር፤ አሁን «ራይድ» ነው። ራይድ የአንድ ድርጅት ስም ነው። ግን የታሸገ ውሃን ሁሉ «ሃይላንድ» እንደምንለው፣ በስልክ የሚጠራ መኪና ሁሉ ራይድ ሆኗል። ከሚኒባስ ከፍ የሚሉት መካከለኛ አውቶቡሶች «ቅጥቅጥ» ወይም «ሃይገር» ይባላሉ። ትልልቆቹ ሲቲ ባስ ናቸው። አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ የተጀመረ ነው፤ ሸገር ብዙ ቆይቶ መጣና ሁለቱም በኋላ በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ። ሰው ግን ዛሬም «አንበሳ መጣ» ነው የሚለው። ጠዋትና ማታ ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያልፋችሁ አውቶቡስ ካለ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያመላልሰው ፐብሊክ ሰርቪስ ሊሆን ይችላል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ባጅ ከሌላችሁ አትድከሙ።

ታክሲው የት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?

በጆሮ። ጣሪያው ላይ ከየት ወዴት እንደሚሠራ የሚናገር ታፔላ አለው፤ ማንበብ ጥሩ ነው። እውነተኛውን መረጃ የምታገኙት ግን ከረዳቱ አፍ ነው። ስሙን ሦስት ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይጠራዋል፤ ሦስተኛው ላይ ስሙ ግማሽ ሆኗል። ለጆሮ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው «በ» የምትለዋ ፊደል ናት። «ፒያሳ በአራት ኪሎ» እና «ፒያሳ በቸርችል» መድረሻቸው አንድ ቢሆንም የምትወርዱበት ቦታ መሃል ላይ ከሆነ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው የስም መመሳሰል ነው። «ቦሌ» ብቻ ብሎ ማንም እንዳያሳፍራችሁ። ቦሌ ድልድይ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ቦሌ ቡልቡላ እና ቦሌ አራብሳ ስማቸው ቢገናኝም መንገዳቸው አይገናኝም። የአክስቴ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቦሌ ተባለችና አራብሳ ደረሰች። ሥራውን አላገኘችም፤ አራብሳን ግን አወቀች።

የምወርድበት ስደርስ ምን ልበል?

«ወራጅ አለ!» ይኸው ነው። ደወል የለም፣ የሚጫን ቁልፍም የለም። ድምፅ ነው የሚፈለገው። ዓይናፋር ከሆናችሁ አንድ ሁለት ፌርማታ ማለፋችሁ አይቀርም። በሹክሹክታ «ወራጅ» ያለ ሰው አጠገቡ ያለ ተሳፋሪ አዝኖለት «ወራጅ አለ እኮ!» ብሎ ይጮህለታል፤ ይሄ ያልተጻፈ ሕግ ነው።

ድሮ «እዚህ ጋ»፣ «ከመብራቱ በፊት»፣ «ቶታሉ ጋ» ማለት ይቻል ነበር። የኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው መንገዶች ላይ ግን ታክሲ የሚቆምበት ቦታ ተለይቶ ተሠርቷል። ከዚያ ውጪ ከቆመ ሹፌሩ ይቀጣል። ስለዚህ ከበራችሁ ፊት ለፊት አላወረደኝም ብላችሁ አትቀየሙት፤ ትንሽ በእግር ነው።

ሂሳብ የሚከፈለው መቼ ነው?

መንገድ ላይ፣ ረዳቱ ሲጠይቅ። ስትገቡ አይደለም፤ ስትወርዱም በር ላይ ቆማችሁ ቦርሳ የምትበረብሩ ከሆነ የኋላው መኪና ጥሩንባ ያስተምራችኋል። ኋላ ከተቀመጣችሁ ብሩ በሰው እጅ ተቀባብሎ ይሄዳል፣ መልሱም እንዲሁ ይመጣል። ለስንት ሰው እንደሆነ አብራችሁ ተናገሩ። ብሩ መንገድ ላይ ጠፍቶ የተጣላ ሰው እስካሁን አላየሁም። የሚያጣላው መልሱ ነው።

ትልቅ ብር ከያዛችሁ ስትገቡ ንገሩት። አለዚያ ረዳቱ ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ የብር ኖት ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይላችኋል፤ ሁለታችሁም ሱቅ ለሱቅ ዝርዝር ፍለጋ ትዞራላችሁ። እኔ እንዲህ ከተዋወቅኳት ሴትዮ ጋር እስካሁን ሰላም እንባባላለን። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ግን «በስልክ ልላክልህ?» ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ረዳት ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁራል።

የምታውቁት ሰው ታክሲ ውስጥ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ጦርነት ነው። ቀድሞ እጁን የዘረጋ ያሸንፋል። እሱ ከከፈለ «ለምን?» ብላችሁ መቆጣት፣ ከዚያ ማመስገን።

ታሪፉን የሚወስነው ማን ነው?

የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው፤ በኪሎ ሜትር እየከፋፈለ ያወጣዋል። ዛሬ ስንት እንደሆነ እዚህ ብጽፍላችሁ እስክታነቡት ሊቀየር ይችላል። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል፤ ነዳጅ ሲነካ ታሪፍም ይነካል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ታክሲ በግማሽ ሰው እንዲጭን ተደርጎ ዋጋው እጥፍ የሆነበት ጊዜም ነበር። ያኔ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት ብቻዬን ስቀመጥ የተሰማኝን ምቾት አልረሳውም። ኪሴም አልረሳውም።

ትክክለኛውን ዋጋ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ አጠገባችሁ የተቀመጡትን እናት መጠየቅ ነው። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ሳንቲም አይስትም። «እማማ፣ እስከ መገናኛ ስንት ነው?» ስትሉ ረዳቱ ጆሮው ይቆማል።

የትኛው ወንበር ይሻላል?

ጋቢና፣ ከተገኘ። ከመሃል ደግሞ የመስኮቱ። በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ሰው በወረደ ቁጥር አብራችሁ መውረድ አለባችሁ። ኋላ አራት ሰው ነው የሚቀመጠው፤ ጉልበታችሁ ረጅም ከሆነ ይቅርባችሁ። ከሹፌሩ ጀርባ ሞተሩ ላይ ያለችው ደግሞ ቂጥን ታሞቃለች። ፊታችሁን ወደ ሰው አዙራችሁ ስለምትሄዱ ያለ ዕድሜያችሁ ውይይት ተሳፈራችሁ ማለት ነው።

ሰልፉ እንዴት ነው የሚሠራው?

መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሂዱና እዩት። ሰልፉ አጥር ተከትሎ ይታጠፋል፣ መንገድ ላይ ለእግረኛ በር ይከፍታል፣ እንደገና ይቀጥላል። ያስመረው ገመድ የለም። ይሄን ያህል ሰው ያለ ገመድ ተሰልፎ ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ያው ሰው ሰልፍ በሌለበት ቦታ ታክሲ ሲመጣ በክርን ነው የሚገባው።

መጀመሪያ «የማን ሰልፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎን ለጎን የአያትና የየካ አባዶ ሰልፍ ሊኖር ይችላል፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሌላ ሰፈር ሰልፍ ላይ እንደነበር ያወቀ ሰው ፊት ማየት ያሳዝናል። ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና ሕፃን የያዘች እናት ቀድመው ይገባሉ። ማንም አይከራከርም። «ቦታ ያዝልኝ፣ ውሃ ገዝቼ ልምጣ» ለአንድ ሰው ይቻላል፤ ከኋላችሁ ላለው ጭምር ተናግራችሁ ሂዱ። አንድ ሰው ቦታ ይዞ አራት ጓደኛ ከመጣ ግን ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ልክም ነው።

ተራ አስከባሪዎቹ እነማን ናቸው?

በየታክሲ ተራው ቆመው መኪናውን በተራ የሚያስገቡ፣ ሰልፉን የሚያስተካክሉ፣ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያሉ የሚጣሩ ልጆች ናቸው። ሲሞላ ረዳቱ ብር ይሰጣቸዋል። በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ናቸው። ከተሳፋሪ የሚጠይቁት ክፍያ የለም። መንገድ ከጠፋባችሁ ግን ከማንኛውም ካርታ ይበልጣሉ። ወደ ማታውቁት ሰፈር ስትሄዱ «ስንት ታክሲ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የት ወርዳችሁ የት እንደምትይዙ ይነግሯችኋል። ርቀት እዚህ ከተማ የሚለካው እንዲህ ነው፦ «አንድ ታክሲ ነው»፣ «ሁለት ታክሲ ነው»።

ሲቲ ባስ ይሻላል ወይስ ታክሲ?

ጊዜ ካላችሁ ሲቲ ባስ፣ ብር ካላችሁ ታክሲ። አውቶቡሱ በጣም ይረክሳል፤ መንገዱንም ሳያቆራርጥ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። ችግሩ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ቁጥሩን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ የድሮ ተሳፋሪ ሰፈሩን በቁጥር ነው የሚያውቀው።

ሲጨናነቅ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩ፣ ስልክ ከኋላ ኪስ አውጡ። ሌባው ፊቱ ላይ አልተጻፈበትም። ከሁሉም በላይ በር ላይ ድንገት ግፊያ ከተፈጠረና የሚገፋው ሰው ራሱ የማይገባ ከሆነ ኪሳችሁን ያዙ።

ባቡሩስ? እንዴት ነው መስመሩን የማውቀው?

ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ነው ሥራ የጀመረው። ሁለት መስመር አለው። አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ምሥራቅ ምዕራብ ነው። ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ሰሜን ደቡብ። በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 39 ጣቢያ ተሠርቶለታል። አዲስ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ በሚጋሩባቸው አምስት ጣቢያዎች ላይ ነው፦ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ። እዚህ ከቆማችሁ የመጣውን ባቡር ሁሉ አትግቡ። ልደታን ካለፈ በኋላ አንዱ ወደ አብነትና አውቶቡስ ተራ ይታጠፋል፣ አንዱ በኮካ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ይቀጥላል። በሌላው ጫፍም ስታዲየምን ሲያልፍ አንዱ ወደ ኡራኤል፣ አንዱ ወደ ላንቻ ነው።

ሲጀመር 41 ባቡር ነበር የመጣው። ከዚያ መለዋወጫ እየጠፋ የሚንቀሳቀሰው ቁጥር ቀነሰ። ስለዚህ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ መጠበቅ አለ፤ ሲመጣም ሞልቶ ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር አለው፤ መብራት ላይ ተሰልፎ የቆመውን መኪና ሁሉ ከላይ እያየ ማለፉ። ከመገናኛ ስታዲየም በባቡር ሄዶ የማያውቅ ሰው ይሄን ደስታ አያውቀውም። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ግን ደስታው ይቀንሳል፤ እጃችሁን አንስታችሁ ከገባችሁ እስክትወርዱ እንደተነሳ ነው።

ሰፈሩ ለምን «ሃያ ሁለት» ተባለ?

ከአውቶቡስ ቁጥር የመጣ ነው። ሙሉ ስሙ «22 ማዞሪያ» ነው፤ 22 ቁጥር አውቶቡስ ዞሮ የሚመለስበት። ኮልፌ በኩል ያለው 18 ማዞሪያም የዚያው ዘር ነው። አውቶቡሱ ከሄደ ቆየ፣ ቁጥሩ ሰፈር ሆኖ ቀረ። አሁን እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች ከምን እንደመጣ ሲነገራቸው ይስቃሉ።

ትራንስፖርት ስም ያወጣለት ሰፈር ብዙ ነው። አውቶቡስ ተራ ግልጽ ነው። ለገሃር ደግሞ ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ የጅቡቲው ባቡር መድረሻ ስለነበር። ሜክሲኮ ከዚህ ይለያል። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው አደባባዩ በስሟ የተሰየመው። እዚያም ውለታው አልተረሳም፤ በሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡር «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ። አንዳንዴ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እያለ ሲጣራ፣ እዚያ ማዶ «ኢትዮጵያ እወርዳለሁ» እያለ በሩ ጋ የሚቆም ሰው ይታየኛል።

ዝናብ ሲመጣ ታክሲው የት ነው የሚጠፋው?

ይሄን የማይጠይቅ የለም። ክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ሁለት ጠብታ ይወርዳል፣ ከዚያ አንድ ታክሲ አይታይም። ሹፌሮቹ ተማክረው ቤታቸው የገቡ ይመስላል። አልገቡም። የትም አልሄዱም፤ መንገድ ላይ ናቸው።

የታክሲ ሰው ምልልሱን «ቢያጆ» ይለዋል። የታክሲ ብዛት የሚለካው በመኪና ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በቢያጆ ነው። ውሃ አስፋልቱ ላይ ሲተኛ፣ መብራት ሲጠፋና አደባባዩ ሲቆላለፍ፣ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው መንገድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያኔ ያው መኪና ለናንተ ግማሽ መኪና ሆነ ማለት ነው። በዚያው ሰዓት በእግር ይሄድ የነበረው ሰው ሁሉ ታክሲ ፈላጊ ይሆናል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሩ የሚወርድ ሰው ዛሬ ተሰልፏል። ፈላጊው እጥፍ፣ መኪናው ግማሽ። በዚያ ላይ ደግሞ ጥቂት ሹፌሮች ይሄን አይተው በኮንትራት መሥራት ይጀምራሉ፤ የሚያናድደው እሱ ነው።

ምን ይሻላል? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዝናቡ ሲጀምር አልሮጥም። ሻይ ቤት ገብቼ አንድ ሻይ እጠጣለሁ። የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙ ጊዜ አጥብቆ ይጥልና ያባራል። ዝናቡ ሲያባራ ሳይሆን ካባራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የምወጣው፤ ባባራበት ደቂቃ ሻይ ቤት የነበረው ሕዝብ በሙሉ አብሮኝ ነውና የሚወጣው።

ማታ ታክሲው ለምን እያቆራረጠ ይጭናል?

ታፔላው ከመገናኛ ሜክሲኮ ይላል። ረዳቱ ግን «ኡራኤል፣ ኡራኤል!» ይላል። ኡራኤል ያወርዳችሁና እዚያው «ስታዲየም፣ ሜክሲኮ!» ብሎ ይጣራል፤ ያው መኪና፣ ያው ወንበር፣ ሁለተኛ ሂሳብ። ይሄ «አቆራርጦ መጫን» ይባላል፤ ክልክል ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ታሪፍ በርቀት እርከን ስለሆነ ሁለት አጭር መንገድ ተደምሮ ከአንድ ረጅም መንገድ ይበልጣል።

ከሹፌሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ካወራችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ትሰማላችሁ። ብዙው ሹፌር መኪናው የራሱ አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ቀን ቢበላሽም ያው ነው። ነዳጅ የሚሞላው ከዚያ ውጪ ነው፤ ማደያ ሰልፍ ላይ የባከነው ሰዓትም የእሱ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም የተሠራው በከተማው ዳር ነው፤ ሥራው ግን መሃል ቀረ። ስለዚህ ማታ ሕዝቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ አያት፣ ወደ ኮየ ፈጬ። እዚያ ያደረሰ ታክሲ ባዶውን ነው የሚመለሰው። የባዶውን መንገድ ነዳጅ ከናንተ ላይ ሊያወጣው ይሞክራል። ይሄን ስለነገርኳችሁ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ደሞዙ ያው የሆነ ሰው በየማታው ሁለት ጊዜ መክፈል የለበትም።

ከመግባታችሁ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «እስከ መጨረሻ ነህ?» በሉት። ሌሎችም ይሰሙና አብረው ይጠይቃሉ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይስቃል፣ ስድስት ሰው ሲጠይቅ «ግቡ» ይላል። ካታለላችሁ ሰሌዳውን መዝግባችሁ ለትራፊክ ወይም ለትራንስፖርት ተቆጣጣሪ ንገሩ።

ትርፍ ሰው ሲጭን ዝም ማለት ነው?

ይሄ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ትርፍ የሚገባው ሰው እኛው ነን። ቁጭ ብለን ስንሄድ «ሰው አትደራርብ!» እንላለን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቆመን ስንቀር ደግሞ «ለአንድ ሰው ብቻ!» ብለን እንለምናለን። ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ «ትራፊክ አለ፣ ዝቅ በሉልኝ» ይላል፤ ክራቫት ያሰረ ሰው ሁሉ ሳይቀር ያጎነብሳል። እኔም አጎንብሻለሁ። ሂሳቡ ግን ለትርፍም ሙሉ ነው። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ወይም መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሽሮ ሜዳ ስትወርዱ፣ «ትርፍ ከጫንክ እወርዳለሁ» ማለት መብታችሁ ነው።

«ወያላ» ማለት ስድብ ነው?

በማን አፍ እንደሆነ ይወሰናል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይባባሉታል። እናንተ ስትሉት ግን ብዙ ጊዜ ንቀት አለበት። ፊት ለፊት «ረዳት» ወይም «ወንድም» በሉ። በዕድሜ ከናንተ የሚያንስ ከሆነ «አቡሽ» ወይም «ማሙሽ» የሚሉም አሉ፤ እሱ የሚሠራው ከእናት ብቻ ነው። ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ በር ይዞ ቆሞ የሚውል ሰው ነው። አንዳንዱ አፉ ያስቸግራል፤ እውነት ነው። ሴቶችን የሚያስቸግር ሲያጋጥም ግን ታክሲው በሙሉ ሲነሳበት አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የሚናገር አንድ ሰው ነው የሚጠፋው።

የራይድ ሹፌሩ ደውሎ «የት ነው የምትሄደው?» ካለ በኋላ ለምን ይሰርዛል?

መንገዱ ስላልተመቸው ነው። የተዘጋጋ ሰፈር ከሆነ፣ ወይም መልስ ጭነት የማያገኝበት ከሆነ፣ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ሌላው ምክንያት ያላችሁበትን ቦታ አለማግኘቱ ነው። እኛ ከተማ አድራሻ በቁጥር አይነገርም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረው ጋ» ነው የምንለው። ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሹፌሩ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን ደግሞ መሃል ከተማው ብዙው ፈርሶ እንደገና ስለተሠራ «ድሮ የነበረው» የሚለው ምልክት ዋጋ አጥቷል። አሁን ቆሞ ያለ ነገር ጥቀሱ፦ ባንክ፣ ሆቴል፣ ማደያ። «ከሜትር ውጪ በዚህን ያህል ልውሰድህ» ካለ መተው ይሻላል፤ ጉዞው መተግበሪያው ላይ ካልተመዘገበ ዕቃ ቢጠፋ የምትጠይቁት ሰው የለም።

ታክሲ ውስጥ ዕቃ ብረሳስ?

ተስፋ አትቁረጡ፤ ግን ፍጠኑ። ሚኒባሱ በታፔላው መስመር ስለሚመላለስ ተመልሶ ይመጣል። ወደ ተሳፈራችሁበት ተራ ሂዱና ለተራ አስከባሪዎቹ በስንት ሰዓት እንደተሳፈራችሁ፣ ሹፌሩ ምን እንደሚመስል፣ መስታወቱ ላይ ምን ጥቅስ እንደተለጠፈ ንገሯቸው። ሰሌዳ የሚይዝ ሰው የለም፤ ጥቅሱን ግን ሁሉም ያስታውሳል። መኪናውን እነሱም በጥቅሱ ነው የሚያውቁት።

እኔ ባለፈው ክረምት ዣንጥላዬን ረሳሁ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ስጠይቅ አንዱ ልጅ «ቀለሙ?» አለኝ። ጥቁር አልኩ። «ሁሉም ጥቁር ነው፣ ስንት ዘንግ ነው የተሰበረው?» አለ። አንድ አልኩት። ከኪዮስክ ጀርባ ሄዶ ይዞልኝ መጣ፤ ዘንጉን በሽቦ አስሮታል። የሻይ ብሎ ያልጠየቀኝን ሰጠሁት። ዣንጥላው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። ሁለተኛው ላይ የተሳፈርኩት በራይድ ነበር፤ ጉዞውም ከሜትር ውጪ ነበር።